ሁሉንም በአንድ ፌስታል

ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017

ቅበላ ነው። ሥጋ ቤቶቹ ደጃፍ ሰው እንደ ጉድ ተሰልፏል። ሰኞ ሑዳዴ ይገባል፤ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ደግሞ ረመዳን ይያዛል። ዘንድሮ ጭሮ ላይ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ባንድ ሳምንት ጾም ሊይዝ ስለሆነ ሁሉም ሳይደርስብኝ ልብላ ባይ ሆኗል።

አመሻሽ ላይ አንድ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ፋርማሲው ገባና «ዶክተርዬ፣ ያችን የቅባት ክኒን ለዛሬና ለነገ የምትሆን ስጪኝ» አለኝ። ማዘዣ የለውም። ለማን ነው ስለው ለራሱ ነው። ተመርምሮ እንደሆነ ብጠይቀው አያውቅም። ነገሩ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ቀድሞ ክኒኗን ሊውጥ፣ ከዚያ ቁርጡን ሊያወርድባት ነው። ጓደኛው ነው አሉ የመከረው።

አልሰጠሁትም። አልሄድም ብሎ ቆሞ ስለተከራከረኝ ግን አስረዳሁት። ስታቲን የሚባሉት መድኃኒቶች ሆድ ውስጥ ገብተው ጮማ አይለቅሙም፤ ሥራቸው ጉበት ላይ ነው። በደማችን ከሚዞረው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው የራሳችን ሰውነት ነው፤ ዋናው ሠሪ ደግሞ ጉበት። መድኃኒቱ ያንን ሥራ ያቀዘቅዝበታል፤ ጉበቱ ሲያጥረው ከደም መሳብ ይጀምራል፤ ያኔ በደም ውስጥ ያለው መጥፎው ኮሌስትሮል ይወርዳል። ይህ የሁለት ቀን ነገር አይደለም። ላቦራቶሪ ላይ ደህና አድርጎ ለመታየት አንድ ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ልብንና አንጎልን የሚጠቅመው ደግሞ ዓመታት ሲወሰድ ነው።

«እሺ፣ ታዲያ ለሥጋው ምን ልዋጥ?» አለኝ።

«ቀነስ አድርገህ ብላ።»

ቅር ብሎት ወጣ። ስለ ደም ምርመራው የነገርኩት ጆሮው የገባ አይመስለኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ዛሬ ሀጂ መጡ። ከሂርና ወዲህ ካለች መንደር ነው የሚመጡት፤ የግፊት መድኃኒታቸውን በየወሩ ከኔ ይወስዳሉ። ሌላ ጊዜ ቆመው ነው የሚያጫውቱኝ፤ ዛሬ የባንኮኒውን ጠርዝ ይዘው ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ሀጂ፣ ምነው?»

«ጭኔና ትከሻዬ እንደ ተደበደበ ሰው ሆነብኝ፣ ልጄ።»

ከባድ ነገር አንስተው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «የምን ማንሳት! የጨጓራውን መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ ነው።»

የጨጓራ መድኃኒት መጀመራቸውን አላውቅም። ያዘዘላቸው ሌላ ክሊኒክ ነው፤ የገዙትም ሌላ ቦታ። የሚወስዱትን ሁሉ ይዘው እንደሆነ ስጠይቃቸው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ሁለት ጊዜ የተቋጠረ ጥቁር ፌስታል አወጡ። ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት። የግፊቱ አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም አለ፤ እሱን አውቀዋለሁ። ሲምቫስታቲን 40 አለ፤ ድሬዳዋ ሲታከሙ የተጻፈላቸው ነው፣ እዚያው ያለ ልጃቸው እየገዛ ይልክላቸዋል፤ ለኔ ነግረውኝ አያውቁም። ኦሜፕራዞልና አሞክሲሲሊን አሉ። አንዱ ስትሪፕ ስሙ ያለበት በኩል በመቀስ ተቆርጦ የቀረው «ሲን 500» የሚል ጭራ ብቻ ነው። ወደ ብርሃን አዙሬ ገላብጬ ሳየው በጥግ በኩል ግማሽ ፊደል ተርፏል፤ ክላሪትሮማይሲን ነው። ከሥር የጥቁር አዝሙድ ዘይት ጠርሙስና በጋዜጣ የተጠቀለለ የአብሽ ዱቄት።

የጨጓራ ባክቴሪያ ሲገኝ ኦሜፕራዞል፣ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን አብረው መሰጠታቸው የተለመደ ነው፤ ስህተት የለበትም። አገሩ በሙሉ ጨጓራዬን ይላል፤ ጭሮም ከአገሩ አልተለየችም። ጣጣው ክላሪትሮማይሲን ከሲምቫስታቲን ጋር ሲገናኝ ነው። ሲምቫስታቲንን የሚያፈርሰው ጉበትና አንጀት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ነው። ክላሪትሮማይሲን ያንን ኢንዛይም ይዘጋዋል። ቁልቁለቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ሲበላሽ የሐረር መንገድ ተሽከርካሪ እንደሚቆለል፣ ሳይፈርስ የቀረው መድኃኒት በደም ውስጥ እየተጠራቀመ እስከ 10 እጥፍ ገደማ ይደርሳል። የሚጎዳው ጡንቻን ነው። ሲብስ ጡንቻው ይፈርስና ፍርስራሹ ኩላሊት ይዘጋል። እንዲያ ያለው ከባድ ጉዳት በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርስ፤ ከሚደርስባቸው ብዙዎቹ ግን እንደ ሀጂ መድኃኒት የደራረቡ ናቸው። ለዚህ ነው ሁለቱ አብረው አይሰጡም የሚባለው። አምሎዲፒኑም በአቅሙ ሲምቫስታቲንን ከፍ ያደርጋል፤ ከሱ ጋር ከ20 ሚሊ ግራም በላይ አይኬድም። የሀጂ 40 ነው።

«ሽንትዎ ጠቁሯል? እንደ ኮካ፣ እንደ ወፍራም ሻይ?»

«አልጠቆረም፣ አልሐምዱሊላህ።»

ግፊታቸውን የሚከታተለው ሐኪም ጋ ደወልኩ። ሲምቫስታቲኑን ዛሬውኑ እንዲያቆሙ፣ የጨጓራውን ግን ጥቂት ቀን ስለቀረው እንዲጨርሱ፣ የኩላሊትና የጡንቻ ምርመራ ሳያድር እንዲሠሩ አዘዘ። ሀጂ ከሁሉ ያስገረማቸው የጨጓራና የቅባት መድኃኒት መጣላቱ ነው። «አንዱ ለሆድ፣ አንዱ ለደም፤ የት ተገናኝተው ነው የተጣሉት?» አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። ማንም አልነገራቸውም፤ ክሊኒኩም ሌላ ምን ይወስዳሉ ብሎ አልጠየቃቸውም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ቢጫውን ቅጽ ሞላሁ። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላክ ነው። ሕመምተኛውም ራሱ በ8482 ደውሎ ማሳወቅ ይችላል፤ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 21

መብራት ጠፍቶ በሻማ ነው የምጽፈው። የሀጂ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ስታቲን የሚባለው መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው ከሻጋታ ነው። አኪራ ኤንዶ የሚባል ጃፓናዊ፣ የገበሬ ልጅ፣ ፔኒሲሊን ከሻጋታ መገኘቱን እያሰበ በሺህ የሚቆጠሩ የሻጋታና የፈንገስ ዓይነቶችን ሲመረምር ኖሮ በ1973 እ.ኤ.አ. ኮሌስትሮል መሥራትን የሚገታ ንጥረ ነገር አገኘ። ገበያ ላይ የወጣው የመጀመሪያው ስታቲን ግን እሱ ያገኘው ሳይሆን የሌላ ኩባንያ ሎቫስታቲን ነው፤ አሜሪካ የፈቀደችው በ1987 እ.ኤ.አ.። ኤንዶ በ2024 እ.ኤ.አ. በ90 ዓመቱ አረፈ። እንጀራ ሲሻግት የምንጥል ሰዎች የሰውየውን ትዕግሥት ማሰብ ይገባናል።

ከዚያው ቤተሰብ ሴሪቫስታቲን የሚባል ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ከመላው ዓለም ገበያ ተሰበሰበ። ጡንቻቸው ፈርሶ የሞቱ ሰዎች ተገኙ፤ ከነሱም ጥቂት የማይባሉት ጌምፋይብሮዚል የሚባል ሌላ የቅባት መድኃኒት ደርበው የሚወስዱ ነበሩ። እንግዲህ መደራረቡ የሀጂ ብቻ አይደለም።

ስለ መደራረብ ካነሳሁ፣ በፌስታል የማይመጣም አለ። የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳጥኑን ይዞ አይዞርም፤ ለጎረቤት ፋርማሲም አይናገርም። ከነዚያ ውስጥ ሪቶናቪር ያለባቸው ከሲምቫስታቲን ጋር ፈጽሞ አይሄዱም። የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው ስታቲኑን አዳክሞ ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ ከባንኮኒው ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል አጽድቼ ሁለት ወንበር አስገብቼባታለሁ። ሰው ፊት የማይጠየቅ ጥያቄ እዚያ ይጠየቃል።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ረመዳን ከገባ ሦስተኛ ቀኑ። ጠዋት ጠዋት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «መድኃኒቱን መቼ ልውሰድ?»

የኮሌስትሮሉን በተመለከተ መልሱ ቀላል ነው። ሲምቫስታቲን ድሮም የማታ ነው። ሰውነት ኮሌስትሮል አብዝቶ የሚሠራው ሌሊት ነው፤ ሲምቫስታቲን ደግሞ በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። ከኢፍጣር በኋላ አንድ። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ረጅም ሰዓት ስለሚቆዩ ማታም ሆነ ሱሁር ላይ ቢወሰዱ ለውጥ የለውም፤ ሰዓቱን አለመቀያየር ነው። የረሳ ሰው በማግስቱ ሁለት አይውጥም፤ በአንዱ ይቀጥል። አስቸጋሪው የስኳርና የግፊት መድኃኒት ነው፤ እነሱን ወደ ሐኪም እመልሳለሁ።

ብዙዎቹ ደንበኞቼ የሚያወሩኝ በኦሮምኛ ነው፤ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ደግሞ በእንግሊዝኛ። እኔ «ገልገላ ቶኮ» እልና ፓኬቱ ላይ ጨረቃ እስላለሁ። ለጠዋት ፀሐይ። ማንበብ የማይችሉት እናት ከሁሉም ይልቅ የሚያስታውሱት ያችን ጨረቃ ነው። «ልጄ፣ ጨረቃዋ አለቀችብኝ» እያሉ ነው የሚመጡት።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የጎረቤት እናት ሑዳዴን እየጾምኩ፣ ሥጋና ቅቤ ትቼ፣ ኮሌስትሮሌ እንዴት አልወርድ አለ ብለው ተቆጡ። የሚሠሩበትን ዘይት ጠየቅኋቸው። ያ የሚረጋው ነው፣ ፓልሙ። የፓልም ዘይት ከተክል ቢሆንም ግማሽ ያህሉ እንደ ቅቤ ያለው የሚረጋ ስብ ነው፤ ያ ደግሞ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይጨምራል። ሽሮውም፣ አትክልት ወጡም፣ ሳምቡሳውም በሱ ነው የሚሠራው። ፈሳሹ ዘይት ውድ መሆኑን ሳልነግራቸው ነገሩኝ። እውነታቸውን ነው። መጠኑን እንዲቀንሱ ከማለት በቀር የምለው አጣሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

የአንድ ሾፌር ሚስት መድኃኒቱ እየተረፈ እንደሆነ ነገረችኝ። ባሏ ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሞት ስታቲን ታዞለታል፤ በወሩ መጨረሻ ግማሹ ስትሪፕ ሳይነካ ይገኛል። ፓኬቱን አምጪው አልኳት። «ከራት በኋላ» ይላል፤ የጻፈው ፋርማሲ ምን በወጣው። ሰውየው ግን ራት አይበላም። ረመዳን ከመግባቱ በፊት በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጫት ለመቃም በርጫ ላይ ይቀመጣል፤ ምርቃናው እስኪወርድ ሌሊት ይሆናል፤ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ጠፍቷል። ራት ስለሌለ «ከራት በኋላ»ም የለም።

በዚህ አገር ይህ የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም። ሲምቫስታቲንም አቶርቫስታቲንም ምግብ የግድ አይሉም። ስለዚህ አቶርቫስታቲኑን ከጠዋት ሻይ ጋር እንዲወስድ ፓኬቱ ላይ ፀሐይ ሳልኩለት፤ ለረመዳኑ ሱሁር ላይ።

ስለ ጫት ስጽፍ እጄ ይከብዳል። አባቴ ገለምሶ አጠገብ ባለው ማሳ ነው ያስተማረኝ፤ እዚህ ያለ ሰው ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛበትን ነገር ርኩስ ነው ብዬ አላወራም። ግን ለሐኪም መደበቅ የለበትም። ጫት ልብ ያስመታል፣ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ጉበትም አለ። ሐረር ውስጥ በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች የተሠራና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት የሚያበዙ ሰዎች ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ስታቲን ራሱ ጉበት የሚጎዳው ከስንት አንዴ ነው፤ ቢሆንም ከመጀመሩ በፊት ጉበት ይመረመራል። የሚቅም ሰው፣ በዚያ ላይ በመጠጥ ጨብሲ የሚጨምር ሰው፣ ያንን ምርመራ መዝለል የለበትም። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ድካሙ ከበረታ ቀጠሮ አይጠበቅም።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

ለለቅሶ በዴሳ ወርጄ መጣሁ። ኩኒ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው የአክስቴ ልጅ አስተማሪ ነው፤ ስኳር አለበት፤ አቶርቫስታቲኑን ካቆመ ቆይቷል። «ወረደልኝ እኮ፤ ውጤቱን ላሳይ ብዬ ወደ ሐኪሙም አልሄድኩም» አለኝ።

የወረደው ስለሚውጠው ነው። ሲያቆም በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል። ይህን ማስረዳት የሚያስቸግረው ኮሌስትሮል ሲወጣም ሲወርድም ሰው ስለማይታወቀው ነው። ራስ ምታት የለው፣ ቁርጠት የለው። ጨጓራውን ያመመው ሰው መድኃኒቱን ሳይነገረው ይውጣል፤ የኮሌስትሮሉ ግን በእምነት የሚዋጥ ነው። ስለዚህ በቁጥር አወራሁት፤ የሒሳብ አስተማሪ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣ የስካንዲኔቪያ አገሮች ጥናት 4,444 የልብ ሕመምተኞችን ከአምስት ዓመት በላይ ተከታተለ። ግማሾቹ ሲምቫስታቲን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ወሰዱ። ሲምቫስታቲን ከወሰዱት የሞቱት ከሌሎቹ በ30 በመቶ ያነሱ ነበሩ።

«እነሱ ልባቸውን የታመሙ ናቸው፤ እኔ አልታመምኩም» አለኝ። ይህ ደህና ክርክር ነው። ላቦራቶሪ ላይ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ስላለ ብቻ ሁሉም ሰው ስታቲን ይዋጥ ባይ አይደለሁም፤ እንደዚያ እየታዘዘ ሳይ ቅር ይለኛል። ግን ስትሮክ ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመም ያገኘው ሰው፣ እንደሱ ከ40 ዓመት ያለፈው የስኳር ታማሚ፣ በዘር በጣም ከፍ የሚልበት ሰው ሌላ ነው። ቢያቆምም በገዛ እጁ ሳይሆን ተነጋግሮ ነው። ፊቱን አዞረብኝ። ሲመሽ ግን ስልክ ደውሎ ጭሮ ያለውን ዋጋ ጠየቀኝ። ያቆመው በዋጋው ኖሯል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ከዒድ ወዲህ የጅዳ ሳጥን በዝቷል። ለበዓሉ የመጣ ዘመድ ሽቶና ቴምር ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ መድኃኒትም ይዞ ነው የሚመጣ።

አንዲት እናት ከመኢሶ መጥተው ሁለት ሳጥን አሳዩኝ። አንዱ ልጃቸው ከጅዳ የላከችው፣ በዐረብኛ የተጻፈበት፤ ሌላው እዚህ የተሰጣቸው። ሁለቱንም ይወስዳሉ። የጅዳው «ለልብ»፣ የእኛው «ለቅባት» ተብለው። የንግድ ስሙን ትቼ ከሥር በደቃቁ የተጻፈውን አነበብኩ። አንዱ ሮሱቫስታቲን፣ አንዱ አቶርቫስታቲን። ሁለቱም ስታቲን ናቸው፤ ሁለት ስታቲን አብሮ አይወሰድም። ሐኪማቸው የጻፈውን እንዲቀጥሉ፣ የጅዳውን እንዲያቆሙ አደረግሁ። «ልጄ ተበድራ የገዛችው ነው» ብለው ተከዙ፤ የጅዳውን ሳጥን ለሐኪማቸው እንዲያሳዩት ነገርኳቸው፤ ምናልባት በሱ ይቀይርላቸው ይሆናል።

የት እንደሚያስቀምጡት ስጠይቃቸው ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነው። የመኢሶን ቆላ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሳጥኑ ከ30 ዲግሪ በታች ይላል። እንስራው ባለበት ጥላ በኩል፣ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ላይ እንዲሆን ተስማማን።

አንዲት ወጣት ደግሞ የእናቷን ስታቲን ልትወስድ ስትል የሁለት ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን ነገረችኝ፤ ለራሷ ልትጀምር አስባ ኖሯል፣ «ስለወፈርኩ» ብላ። ለአንድም ሰው የሌላ ሰው ስታቲን አይሆንም፤ ለነፍሰ ጡር ግን ጭራሽ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ ወደ እርግዝና ክትትሏ ላክኋት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ሀጂ ተመልሰው መጡ፤ ቆመው ነው ያወሩኝ። የጭኑ ሕመም ሲምቫስታቲኑን ካቆሙ ጀምሮ እየለቀቃቸው ሄዶ ጠፍቷል። ኩላሊታቸው ደህና ነው። ሐኪሙ ከግፊቱ መድኃኒት ጋር ችግር በማይፈጥር መጠን አቶርቫስታቲን 20 ጀምሮላቸዋል።

ግን ጨጓራው አልተዋቸውም። እንደገና ተመርምረው ባክቴሪያው አልጠፋም ተብለዋል፤ ሌላ ዙር መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ነው። የሚቅሙ ከሆነ ያንንም ለሐኪሙ እንዲነግሩ አልኳቸው፤ ጫት ከአሞክሲሲሊን ጋር ከተገናኘ ከመድኃኒቱ ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሰዋል። ሳቅ ብለው «ይህንንም ልትጽፊው ነው?» አሉ።

ጻፍኩት። የግፊት ካርዳቸው ጀርባ ላይ የሚወስዱትን ሁሉ ደረደርኩ፣ ጥቁር አዝሙዱንና አብሹንም ሳይቀር። ከሥሩ በቀይ «ክላሪትሮማይሲን የሚታዘዝ ከሆነ ስለ አቶርቫስታቲኑ ቀድሞ ሐኪሙ ይጠየቅ» ብዬ ጨመርኩ። ያ ክሊኒክ ካርዱን አያነብም ብለው ሰጉ። ካላነበበ ከመግዛታቸው በፊት ማዘዣውን ይዘው ወደኔ እንዲመጡ ተስማማን፤ ከሌላ ቦታ ቢገዙትም ግድ የለኝም። ካርዱን አጥፈው ከመታወቂያቸው ጋር ሲከቱ «በትልቁ ጽፈሽልኛል?» ብለው ጠየቁኝ። በትልቁ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም፤ አውጥተው ራሳቸው አዩት።